የልጅ ልጄን ከዓይን ስሸሽጋት

የሰሚራ የወገብ ክር ሦስት ቋጠሮ ነበረው። ሦስቱንም የቋጠርኩት እኔ ነኝ፣ ሰው ሳያየኝ። ነገሩን ከዚያ ብጀምር ይሻላል።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሽንኩርት እየላጥኩ ነው። ስለዚህ ጽሑፌ ወዲያ ወዲህ ቢል እለፉኝ። ኑሮዬም እንደዚያው ነው። አንዷ ልጄ ሮቢት፣ አንዷ ጎብዬ፣ ወንዱ ልጄ ጀማል ቆቦ ነው ያሉት፤ እኔ አንድ ፌስታል ልብስና ምርኩዜን ይዤ ከአንዱ ወደ አንዱ እዞራለሁ። የሚኒባስ ረዳቶቹ ያውቁኛል። "ዛሬ ደግሞ ከየቷ ልጅዎ ተጣልተው ነው?" ይሉኛል። ከማንም አልተጣላሁም። አንድ ቦታ ብዙ ስቀመጥ ጉልበቴ ይተሳሰራል፣ እሱ ነው።

አምና የጀማል ሚስት መዲና ገበያ ወጥታ ሽንኩርትና ቲማቲም መሸጥ ስትጀምር "እማ፣ ሰሚራን ያዢልኝ" አለችኝ። ሰሚራ ዓመት ሞልቷት ነበር። ግድግዳ ይዛ ትቆማለች፣ ጭኗ ተደራርቧል። የወገብ ክሯ፣ እኛ ቤት ልጅ ሲወለድ የምናስረው ጥቁር ክር ነው፣ ሥጋዋ ውስጥ ገብቶ አይታይም። እኔ ልጅ የምለካው በዚህ ክር ነው። ሲጠብባት ይላላላታል። ሲወርድ ግን አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

ሦስት ወር ሳይሞላ ክሩ ወደ ዳሌዋ ወረደ።

እኔ ደግሞ ማን እንዳወረደው ያወቅሁ መሰለኝ። የምንኖረው ኪራይ ግቢ ነው። ፊት ለፊታችን ለተብርሃን የምትባል ሴት አለች፤ አገሯ አላማጣ በኩል ነው። በርበሬ፣ ሽሮና የተቆላ ለውዝ አዘጋጅታ ትሸጣለች። ሦስት ልጆች አሏት፣ የሦስቱም ጉንጭ ቅቤ የተቀባ ይመስላል። እኔ የመጣሁ ቀን ሰሚራን አየችና "ውይ፣ እንዴት ወፍራም ናት" አለች። ማሻአላህ አላለችም። እሺ፣ ክርስቲያን ናት፣ ከየት ታመጣዋለች። ግን "እግዜር ይጠብቃት" እንኳ አላለችም። ጆሮዬን ጥዬ ጠበቅሁ፣ አላለችም።

ለምን እንዲህ እንደምፈራ ልንገራችሁ። ሁለተኛ ልጄ ኸድጃ ትባል ነበር። ውኃ መቅጃው ጋ አንዲት መንገደኛ ሴት ጭኗን ይዛ "ይቺስ ሥጋ ናት" አለች። በሳምንቱ ተቅማጥ ያዛት፣ ወር ሳይሞላ ቀበርናት። በኋላ የተማሩት ሰዎች ውኃው ነው ገደላት አሉኝ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ሁልጊዜ የሚታየኝ የሴትየዋ እጅ ነው።

እናቴ እኛ ስንበላ ሻሿን ጣል ታደርግብን ነበር። ጎርሰን እስክንጨርስ፣ ለአፍታ። እኔ ግን አበዛሁት። ጓዳ ውስጥ ከማሽላው ጆንያ ጀርባ መጋረጃ ሰቀልኩ። ሰሚራ የምትበላበት ሰዓት ሲደርስ በሩን እዘጋለሁ፣ መጋረጃውን እጋርዳለሁ፣ በዚያ ላይ ሻርፔን ከራሴ ላይ ዘርግቼ እሷን ከሥሩ አስገባታለሁ። የቆቦን ሙቀት ለማያውቅ ሰው፣ እኩለ ቀን ላይ ውሻው እንኳ ከቆመ መኪና ሥር አይወጣም። በዚያ ሙቀት እኔና እሷ ጨለማ ውስጥ በላብ ተነክረን ከአጥሚት ጋር እንታገላለን።

ፊቷን ስታዞርብኝ አፍንጫዋን ይዤ በመዳፌ ጋትኳት። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል። ትን ይላታል፣ ታስመልሳለች። እንዳያንቃት ብዬ አጥሚቱን አቀጠንኩት፤ ከዚያም አቀጠንኩት፤ በመጨረሻ ማሽላ የታጠበበት ውኃ ሆነ። እንቁላልም ከልክያታለሁ። አፏ ሳይፈታ እንቁላል የበላች ልጅ ምላሷ ይያዛል ሲባል ነው ያደግሁት።

የመጀመሪያውን ቋጠሮ ያኔ ቋጠርኩ። ክሩ ዳሌዋ ላይ ሲንጠለጠል መዲና አይታ "እማ ልጄን አከሳችብኝ" እንዳትለኝ ፈራሁ። አሳጠርኩትና ልብሷን መለስኩ።

ከዚያ በኋላ ያልጠረጠርኩት ሰው የለም። ወተት የሚያመጣልንን ሰው ውኃ ጨምሮበታል ብዬ በየጠዋቱ አውራ ጣቴ ጥፍር ላይ ጠብ እያደረግሁ አያለሁ። ሲንሸራተት "ይኸው" እላለሁ። መዲናን ደግሞ ሌላ ፀንሳ ጡቷ ተበላሽቶ ነው ብዬ ሆዷን በዓይኔ እለካለሁ። አንድ ቀን ያዘችኝ።

"እማ፣ ምን ፈልገሽ ነው ሆዴን የምታዪው?"

"ቀሚስሽ አምሮኝ ነው።"

"ይህ ቀሚስ የአንቺ ነው እኮ።"

ሰሚራ መቆሙን ተወች። ፀጉሯ ሳስቶ ወደ ቀይ ሄደ። ጓደኞቿ ሲጫወቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ታያለች፣ ዝንብ እንኳ አታባርርም። መዲና ገበያዋን ትታ ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰድናት። ወረፋው ረዥም ነበር። አግዳሚ ወንበሩ ላይ አጠገቤ አንዲት የገጠር ሴት ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ የልጁ እግር አብጦ ያብረቀርቃል። እሷው የራሷ ጭንቀት እያለ በያዘችው ካርድ ሰሚራን ታራግብልኛለች። እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? የሰሚራን ፊት በሻርፔ ሸፈንኩ። ሴትየዋ ገባት መሰለኝ ማራገቡን ትታ ካርዷን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ዛሬም ያቺን ሴት ባገኛት ደስ ይለኝ ነበር።

ሐኪሙ የሆድ ትል ነው ብሎ ሽሮፕ ሰጠን። ጠጣች፣ አልተለወጠችም። ሁለተኛው ክሊኒክ ጃርዲያ ነው አለ፤ በውኃ የሚመጣ የአንጀት በሽታ ነው ብሎ ነገረን። ያንንም መድኃኒት ጨረሰች። ተቅማጥ እንኳ አልነበራትም። ሁለቱም ምን እንደምትበላ አልጠየቁንም፤ ቢጠይቁም እውነቱን እንደማልናገር አውቃለሁ። ሁለተኛውን ቋጠሮ ቋጠርኩ።

ጎብዬ ያለችው ልጄ ደግሞ "እንጥሏ ወርዶ ነው፣ የምትቆርጥ ሴት አለች" አለች። ወሰድኳት። ሴትየዋ ከትራሷ ሥር ማጭድ የመሰለች ነገር አወጣችና በቀሚሷ ጫፍ ጠረገቻት። ያ ቀሚስ ፍየል የታለበበት፣ አመድ የተጠረገበት ነው። ጥርጣሬዬ ያን ቀን ጠቀመኝ።

"ስንት ልጅ ቆርጠሻል?" አልኳት።

"ቆጥሬ አላውቅም።"

"ከቆረጥሻቸው ስንቱ ቆሞ ይሄዳል?"

"ሴትዮ፣ ለማስቆረጥ መጣሽ ወይስ ለምርመራ?" አለችኝ።

ሰሚራን አዝዬ በመጣሁበት ሚኒባስ ተመለስኩ። እናንተም እንደዚህ ያለ ቤት ከገባችሁ ተመለሱ። በኋላ እንደተነገረኝ ደም የሚፈሳቸውና የሚመረቅዙ ልጆች ብዙ ናቸው፤ እንጥል ደግሞ ልጅ አያከሳም።

በሳምንቱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ዘምዘም ቤት ለቤት ስትዞር እኛ ግቢ ገባች። የቀበሌያችን ልጅ ናት፣ አባቷን አውቀዋለሁ። ከቦርሳዋ አንዲት ቀለም ያላት ሪባን አውጥታ የሰሚራን ክንድ ለካች።

"እማማ ዘሃራ፣ ይህን ይዩ። አረንጓዴ ደህና ነው። ቢጫ ተጎድታለች ማለት ነው። ቀይ ከገባች ሆስፒታል ተኝታ ነው የምትታከመው። እሷ ቢጫ ላይ ናት፣ ለቀይ የቀራት ይቺን ታህል ናት።" በጥፍሯ አሳየችኝ።

"አጥብቀሽ ስበሽው ቢሆንስ?"

አልተቆጣችም። ሪባኗን አላልታ እንደገና ለካች። ያው ቢጫ። ቀጥላ የለተብርሃንን ትንሽ ልጅ ጠርታ ለካች፣ አረንጓዴ። ይኸውልህ አልኩ በልቤ፣ ሥጋችን የሄደበት ታወቀ።

"ሰሚራ ምን ትበላለች?"

"ሁሉንም።"

"ዛሬ ጠዋትስ?"

"አጥሚት።"

"ከማን ጋር ነው የምትበላው?"

ጥያቄው ገረመኝ። ልታወጣጣኝ መጥታ ነው ብዬ "ከእኔ ጋር" አልኳት። ውሸት አልነበረም። ለተብርሃን ደጃፏ ላይ ለውዝ እየለቀመች ትሰማለች፤ አንገቷን ቀና አድርጋ አየችኝና መልሳ ሥራዋን ያዘች።

ዘምዘም ወደ ጤና ጣቢያ ላከችን። እዚያ በገመድ በተንጠለጠለ ሚዛን እንደ ቅርጫት ሰቅለው መዘኗት። ትኩሳት የላትም፣ እግሯ አላበጠም፣ ሌላ በሽታ አላገኘንም፣ የምግብ እጥረት ነው አሉ። ቤት ማሽላ በጆንያ ተቀምጦ የምግብ እጥረት ሲሉኝ አፈርኩ፣ ተናደድኩም። በብልጭልጭ ከረጢት የታሸገ፣ ከለውዝ የተሠራ ለስላሳ ነገር ሰጡን። "ይህ የእሷ መድኃኒት ነው፣ ለሌላ ልጅ አይሰጥም" አሉ። በነፃ ነው። በነፃ ሲሉ ደግሞ ተጠራጠርኩ። ቤት ገብቼ አንዱን ቀድጄ ራሴ ላስኩት። ለውዝ ለውዝ ይላል፣ ይጣፍጣል። አንድ ቀን ጠበቅሁ፣ ምንም አልሆንኩም፣ ከዚያ ሰጠኋት። ከመጋረጃው ጀርባ፣ ከሻርፑ ሥር። ሁለት ጊዜ ላሰችና ተፋችው። ማንኪያ ባየች ቁጥር እጇን አፏ ላይ ትከምራለች።

ከረጢቶቹን እየቆጠርኩ ጆንያው ጀርባ አስቀምጣለሁ። አንድ ቀን አንድ ጎደለብኝ። ግቢ ስወጣ የለተብርሃን ታላቁ ልጅ፣ ግርማይ ነው ስሙ፣ ደረቱ ላይ የለውዝ ልጣጭ ተለጥፎበት ቆሟል። አፉን አሸተትኩት።

"ለተብርሃን፣ የዚህ ልጅ አፍ ለውዝ ለውዝ ይሸታል" አልኳት።

የምትቆላበትን ብረት ምጣድ ከእሳት አወረደች። "አደይ ዘሃራ፣ ጠዋት የተነሳሁ ለውዝ ነው የምቆላው። ልጄ ምን ምን ሊሸት ኖሯል፣ ዓሣ?"

"የሰሚራ መድኃኒት አንድ ጎድሏል።"

ፊቷ ሲጠቁር አየሁ። "እዚህ ግቢ ከመጡ ጀምሮ ቡናዬን አይጠጡም፣ ልጅቱን ሲያዩኝ ይሸፍናሉ። ዝም አልኩ። ልጄን ሌባ ሲሉ ግን ዝም አልልም።"

ማታ መዲና ስትመጣ ነገሩ ተገለጠ። በፊተኛው ቀን እኔ ቀብር ሄጄ ስለነበር ሰሚራን ይዛት ገበያ ሄዳ ነበር፣ ከረጢቱን የወሰደችው እሷ ናት።

"ጨርሳ በላችው እኮ፣ እማ። ከሻጮቹ ሴቶች ልጆች ጋር ቲማቲሙ መሐል ተቀምጣ፣ ከረጢቱን ሁሉ ላሰችው።"

አላመንኳትም። ከእኔ እጅ አንድ ማንኪያ የማትውጥ ልጅ ገበያ ላይ እንዴት ትጨርሳለች? ለሰው ሰጥታው ነው አልኩ። ይህን ፊቷ ላይ ተናገርኩ። መዲና እኔን ክፉ ተናግራኝ አታውቅም፣ ያን ቀንም አልተናገረችኝም። ሰሚራን አቅፋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ጀማል በእናቱና በሚስቱ መሐል ቆሞ የባጃጁን ቁልፍ ሲያገላብጥ ቆየና ወጣ። ሌሊቱን ሰሚራ ስትተነፍስ ሳዳምጥ አነጋሁ። ጠዋት ልብሷን ስቀይርላት ክሩ እግሯ ላይ ወደቀ። ሦስተኛውን ቋጠርኩ። ከዚያ በኋላ የሚቋጠር ክር የለኝም ነበር፤ ከዚህ በታች የቀረው የዘምዘም ሪባን ቀዩ ብቻ ነው።

ያን ዕለት ዙሁርን፣ የእኩለ ቀኑን ሶላት፣ እየሰገድኩ ነው። ለነፋሱ ብዬ በሩን ከፍቻለሁ፣ ሰሚራን ምንጣፉ ጫፍ ላይ አስቀምጫታለሁ። ግቢው መሐል የለተብርሃን ልጆች ትሪ ከበዋል። የጾማቸው ወቅት ነው፤ ሱፍ ፈጭታ፣ አጥልላ፣ እንጀራ ፈትፍታበታለች። ነጭ ነጩን አያለሁ። ሩኩዕ ላይ ጎንበስ ብዬ ሳለሁ ሰሚራ ስትንፏቀቅ አየኋት። ደጃፉን ወረደች። ሶላት ላይ ያለ ሰው አይናገርም። ሱጁድ ወረድኩ፣ ግንባሬ መሬት ላይ ነው፣ የምሰማው የልጅ ጉልበት ጠጠር ላይ ሲጎተት ነው። ያ ረቢ፣ አልኩ፣ ያ ረቢ። ቀና ስል ትሪው ጋ ደርሳለች። ያ ሌባ ያልኩት ግርማይ ጠቅልሎ ወደ አፏ አስጠጋ። ለተብርሃን ከጎን ቆማለች፣ ዓይኗ ልጅቱ አፍ ላይ ነው። ሰሚራ አየችው፤ የልጆቹን አፍ አየች፣ ሲያኝኩ፣ ሲስቁ። አፏን ከፈተች።

ሶላቴን እንዴት እንደጨረስኩ አላህ ያውቃል። ስወጣ አራተኛዋን እየጎረሰች ነበር።

"ሥጋ የለበትም፣ አደይ ዘሃራ" አለች ለተብርሃን ሳታየኝ። "ሱፍ ነው። ካልፈለጉ ይውሰዷት።"

እጄን ሰድጄ ነበር። ሰሚራ የትሪውን ጠርዝ በሁለት እጇ ይዛለች። ሳነሳት ጮኸች፣ ስንት ወር እንዲህ ያለ ድምፅ አልሰማሁም። መልሼ አስቀመጥኳት።

ሦስት ቀን ጠበቅሁ። ተቅማጥ ይመጣል፣ ትኩሳት ይመጣል ብዬ ግንባሯን ስዳብስ ዋልኩ። የመጣ ነገር የለም። በየቀኑ ዙሁር ሲደርስ ራሷ እየተንፏቀቀች ደጃፉ ላይ ትጠብቃለች፣ እኔ ቆሜ አያለሁ። በአራተኛው ቀን መዲናን ጠርቼ ጓዳ አስገባኋትና መጋረጃውን አሳየኋት። ቋጠሮዎቹንም።

"እዚህ ውስጥ ነበር የምታበዪያት?"

"አዎ።"

"ጨለማ ነው እኮ፣ እማ።"

ሚስማሩን ነቅላ መጋረጃውን አጠበችው፣ አሁን የሽንኩርት መሸፈኛ ነው።

ዘምዘም ስትመጣ ሁሉን ተናገርኩ። "ከማን ጋር ትበላለች ያልሽው አሁን ገባኝ" አልኳት። ልጅ መብላትን የምትማረው ሌላ ሰው ሲበላ አይታ እንደሆነ፣ የተጋተች ልጅ ደግሞ ማንኪያ እንደምትፈራ ነገረችኝ። በግድ የለም አለች። የራሷ ሳህን ይኑራት፣ ምን ያህል እንደበላች ይታወቅ፣ ከሰው ጋር ትቀመጥ፣ ጊዜ ይሰጣት፤ የሁላችሁም እጅ ይታጠብ።

ምግቡንም ቀየርኩት። ከማሽላው ጋር ማሾና ሽምብራ ቆልቼ አስፈጨሁ፣ ሦስት እጅ ማሽላ፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ። ገንፎው ከማንኪያ ላይ የማይፈስ መሆን አለበት፤ የሚፈስ ከሆነ ሆዷን የሚሞላው ውኃ ነው። በዚያ ላይ አንድ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ። እንቁላል በየቀኑ፤ ምላሷም አልተያዘም፣ እንዲያውም ለፍልፋ አደከመችኝ። ለውዙን ከለተብርሃን እገዛለሁ፣ በደንብ አልሜ እንደ ቅቤ አደርገዋለሁ፤ ፍሬው እንዳለ ለሕፃን አይሰጥም፣ ያንቃል። ማንጎና ፓፓያ በወቅቱ፣ የተቀቀለ ስኳር ድንች፣ ወተት። ወተቱን ዛሬም ጥፍሬ ላይ ጠብ አደርገዋለሁ፣ ያ ሰውዬ አይታመንም። ሆዷ ትንሽ ስለሆነ ጥቂት ጥቂት፣ በቀን አምስት ጊዜ። ያ የከረጢቱ ምግብም አላለቀም ነበር፤ ከልጆቹ ጋር ስትቀመጥ የሷን ይዛ ላሰችው፣ ግርማይ ሌላው እንዳይነካባት ይጠብቃል።

ለተብርሃንን ይቅር በይኝ ያልኳት ብዙ ቀን ቆይቼ ነው። የምቆላበትን ምጣድ ልዋስ የሄድኩ መስዬ ገባሁ። ቡና አቀረበችልኝ፣ ጠጣሁ።

"ሌላም ስኒ ልቅዳ ወይስ መጀመሪያ ያሸቱታል?" አለችኝ።

"ቅጂ" አልኳት።

አሁን ሰሚራን ከሩቅ ስታያት ገና በር ሳትወጣ "ማሻአላህ፣ ማሻአላህ" ትላለች፣ እኔ እንድሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። እኔም እስክትጨርስ እጠብቃለሁ። ልማድ ነው፣ በአንድ ቀን አይለቅም።

ልጃችሁ ምግብ እምቢ ካለች፣ ከከሳች፣ በተለይ እግሯ ካበጠ ወይም ከተዝለፈለፈች ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት። ሲጠይቋችሁ ደግሞ እውነቱን ንገሯቸው። እኔ እውነቱን ስደብቅ የጎዳሁት እነሱን ሳይሆን እሷን ነበር።

ሪባኑ አረንጓዴ የገባው ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ ነው። ሦስት ጊዜ አስለካሁት። የመጀመሪያውን ቋጠሮ መዲና ፈታችው፣ ሁለተኛውን እኔ በጥርሴ። ሦስተኛው ግን በጣም ጠብቆ ሥጋዋ ውስጥ እየገባ ነበር፣ መቀስ ባስጠጋ እንዳልወጋት ፈራሁ፤ ዓይኔ ደክሟል፣ ክሩንና ቆዳዋን አልለይም። ሰሚራን ተሸክሜ ግቢውን ተሻገርኩ፣ ቀሚሷን ገለጥኩና የለተብርሃን ጭን ላይ አስቀመጥኳት።

"እስቲ እይልኝ" አልኳት።

አጎንብሳ፣ ዓይኗን ሆዷ ላይ አስጠግታ፣ ቀስ ብላ ፈታችው።